የባለቡድኖች ዕድር

ሄመን አስራት በየጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ከመኪና ውድድር ሊጉ ጋር ትደራደር ነበር።

ጋራዡን ከፍታ፣ የሥራ ካፖርቷን ደርባ፣ የመጀመሪያውን ብሎን ሳትፈታ ስልኳ ይጠራል። የሚያናግራት የሊጉ ማሽን ነው፤ በሴት ድምፅ። ስሜ ምሕረት ይባላል ብሎ ከተዋወቃት ሦስት ዓመት ሆኖታል። መጀመሪያ ስለ ጉልበቷ ይጠይቃታል። ትናንት ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ እንደቆመች ያውቃል። ከዚያ የሚቀጥለውን ዓመት ውል ያነሳል። ሄመን አልፈርምም ትላለች። ድምፁ አይቆጣም፤ አይለምንም። ነገ እንነጋገርበታለን፣ ብርድ እንዳይመታዎት ብሎ ይሰናበታል። በዚያችው ደቂቃ ያው ድምፅ ሌሎች አሥራ አንድ ሰዎችን እያነጋገረ ነው፤ እያንዳንዱን በሚወደው አነጋገር፣ በሚያስጨንቀው ጉዳይ።

አሥራ ሁለቱ ሰዎች የሞጆ ቀለበት ባለቡድኖች ናቸው። ሰው በአገር መንገድ ላይ በገዛ እጁ መኪና መንዳት ከተከለከለ አሥራ ስምንት ዓመት አልፎታል። ሄመን ከክልከላው በፊት በአዳማና በሞጆ መካከል ሚኒባስ ትነዳ ነበር። መንጃ ፈቃዷን አስረክባ ስትመለስ መኪናዋን ለብረት አቅላጭ አልሸጥም አለችና ከከተማው ውጭ ወደተሠራው ቀለበት ወሰደቻት። አሁን ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ውድድሩ የአዘቦት መኪና ውድድር ይባላል፤ የሚሮጡት ድሮ ሰው ወደ ሥራና ወደ ገበያ ይሄድባቸው የነበሩ ተራ መኪኖች ስለሆኑ። እሑድ እሑድ ሕዝቡ ከየከተማው ይመጣል። ብዙዎቹ የሚመጡት ማን አንደኛ እንደሚወጣ ለማየት አይደለም። ሰው መሪ ሲያዞር ለማየት ነው። ወላጆች ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አውጥተው፣ ያውልህ እጁ፣ ያውልህ እግሩ እያሉ ያሳያሉ።

እያንዳንዱ ባለቡድን ከሊጉ የሚሰጠው አንድ የመነሻ ፈቃድ አለው። ፈቃዱ ለአንድ ዓመት ብቻ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ሊጉ ምክንያት ሳይሰጥ ቦታውን ለሌላ መኪና ሊሰጥ ይችላል። ፈቃድ የሌላት መኪና ደግሞ ብረት ናት። ጋራዡ፣ መካኒኮቹ፣ ነጂው፣ የሁሉም ኑሮ በዚያች ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ባለቡድኖቹ ፈቃዱ የአንድ ዓመት መሆኑ ይቅር ይላሉ። ግን ይህን አብረው ማለት አይችሉም። የውሉ አንቀጽ አሥራ አራት ባለቡድኖች በጋራ እንዳይደራደሩ ይከለክላል። ሁለት ባለቡድኖች ስለ ውሉ ካወሩ ውል እንደጣሱ ይቆጠራል። ስልኩ ያዳምጣል፤ የጋራዡ በር ያዳምጣል፤ ሰው የሚያመላልሱት መኪኖች ያዳምጣሉ። ከዓመታት በፊት ሦስት ባለቡድኖች አንድ ደብዳቤ ላይ ፈርመው አስገብተው ነበር። በሚቀጥለው እሑድ በመነሻው መስመር ላይ በቦታቸው ሌሎች መኪኖች ቆመው ነበር።

ዕድሩን ያሰበው ኢምራን ሱልጣን ነው። ኢምራን ረጋ ያለ ሰው ነው። አንድ ቀን ከቀለበቱ ሲወጡ፣ ዕድርን የሚከለክል አንቀጽ አላየሁም አለ፤ ሌላ አልጨመረም። በወሩ አሥራ ሁለቱም አባል ሆኑ። ድንኳን ገዙ፤ አግዳሚ ወንበርና ትልልቅ ድስት ገዙ። ኢምራን ዳኛ፣ ሄመን ጸሐፊ ሆኑ። ሄመን ሕገ ደንቡን በእጇ ጻፈችው፤ አባል ሲሞት ሁሉም ይገኛል፣ እስከ ሦስተኛው ቀን ማንም ሥራ አይገባም። የለቅሶ ቤት ንግግር እንዳይቀዳ የሚከለክል ሕግ ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት ወጥቶ ነበር። ስለዚህ በድንኳኑ በር ላይ የቆርቆሮ ሣጥን ይቀመጣል፤ የሚገባው ሰው ሁሉ ስልኩን እዚያ ትቶ ይገባል።

አምና የኢምራን እናት ሲያርፉ በዚያ ድንኳን ውስጥ አንድ ቃል ተሰጠ። ሁሉም በአንድ ቀን ካልፈረሙ በቀር ማንም ለብቻው እንዳይፈርም። መጀመሪያ ቃሉን የሰጠው ናሆም ተካልኝ ነበር።

ናሆምና ሄመን አሥራ ስምንት ዓመት ጋራዥ ለጋራዥ ኖረዋል። መካከላቸው ያለው የቆርቆሮ አጥር ብቻ ነው። ናሆም ክሪክ ሲፈልግ በር ዞሮ አይመጣም፤ በአጥሩ ላይ ይጮኻል። እሷም ታቀብለዋለች። እሑድ የማን መኪና እንደቀደመች ሰኞ ጠዋት በአጥሩ ሁለት ወገን ሆነው ይጨቃጨቃሉ። ሚስቱ ሲምቦ ምሳ ስትልክ የሄመንን ሳህን ለይታ ትልካለች።

በጥር ወር አጋማሽ በቀለበቱ መግቢያ ባለው ሰሌዳ ላይ የናሆም ስም ወጣ። የሚቀጥለውን ዓመት ውል የፈረመ የመጀመሪያው ባለቡድን፣ እንኳን ደስ ያለዎት ይላል። ሄመን ሰሌዳውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። በዚያው ጠዋት በር ላይ ሲገናኙ ናሆም አፉን ሊከፍት ሲል አልፋው ሄደች። ከዚያ በኋላ ሰላም አላለችውም። ክሪኳን በአጥሩ ላይ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ናሆም በየካቲትና በመጋቢት በዕድሩ ስብሰባ ላይ አልተገኘም፤ ሁሉም በኩራት ነው አሉ።

በመጋቢት አጋማሽ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ የናሆም መካኒክ በአጥሩ ላይ ስሟን ጠራ። የጠራበት ድምፅ ትክክል አልነበረም። ሄመን የያዘችውን መፍቻ ጥላ በበሩ ዞራ ሮጠች። ናሆም የገዛ መኪናውን ኮፈን እንደከፈተ ከመኪናው አጠገብ ወድቆ ነበር። ልቡ ነው የቆመው። አምቡላንሱ በአራት ደቂቃ ደረሰ፤ ሆኖም የሚሠራው ነገር አላገኘም። ሄመን ሲምቦ እንዲህ እንዳታየው ብላ ውኃና ሳሙና አስመጣችና የእጆቹን ግራሶ አንድ በአንድ አጠበች። የግራ እጁ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ያለው አልለቅ አላት። ሲምቦ ስትደርስ ገና እያጠበችው ነበር።

የዕድሩ አባላት በእኩለ ቀን በኢምራን ጋራዥ ተሰበሰቡ። ከሁሉ ወጣቱ ባለቡድን ፈይሳ ነበር፤ ቁጡና ግልጽ ሰው ነው። ቃሉን ለበላ ሰው ድንኳን አልተክልም አለ። እሱ እኛን ትቶን ሄዷል፤ ስብሰባም አልመጣም፤ ከአባልነት ወጥቷል አለ። ሁለት ሦስት ሰው በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ኢምራን ወደ ሄመን ዞሮ ደንቡ ምን ይላል ብሎ ጠየቃት።

ሄመን መዝገቡን ገለጠች። አባል በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከቀረ ይሰረዛል ይላል፤ የጻፈችው እሷ ናት። የናሆምን ስም አገኘች። በየካቲት ቀሪ፣ በመጋቢት ቀሪ። ሁለቱንም ምልክት ያደረገችው ራሷ ናት፤ ያኔ እስክሪብቶውን ጠበቅ አድርጋ ይዛው እንደነበር አሁን ከወረቀቱ ታያለች።

«ሁለት ነው» አለች። «አባላችን ነው።»

ተነሥቶ የድንኳኑን ምሰሶ መጫን የጀመረው ፈይሳ ነበር።

ዓርብ ቀብረውት ተመለሱ። ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ ሲበተን በድንኳኑ ውስጥ ከሲምቦ ጋር የዕድሩ ሰዎች ብቻ ቀሩ። ያን ጊዜ ፈይሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አሁን የሚሰማን የለም፣ ፊርማው የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው፣ እንነጋገር አለ። ሄመን አልፈቀደችም። ሲምቦ እዚያ ተቀምጣለች፣ ልናለቅስ ነው የመጣነው አለችው።

ሲምቦ ግን ሰምታ ነበር። ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ቀና አለች። ተነጋገሩ፣ እሱም ከዚህ በቀር የሚያወራው ነገር አልነበረውም አለቻቸው። ከዚያም ባሏ ለምን እንደፈረመ ነገረቻቸው።

በጥር ወር ድምፁ በየጠዋቱ ሲደውልለት ናሆም ስለ ሌሎቹ ይጠይቅ ነበር። ድምፁ ማን እንደፈረመና ማን እንዳልፈረመ መናገር አይፈቀድልኝም ይለዋል። አንድ ቀን ግን ሳይጠየቅ፣ ከነገ ጀምሮ ወይዘሮ ሄመን ጋ አልደውልም አለው። ናሆም ለምን ብሎ ጠየቀ። ድምፁ ይህን መናገር አይፈቀድልኝም አለ። ናሆም ስልኩን እንደያዘ ወደ ሲምቦ ዞሮ ሄመን ፈርማለች አላት። እሷ ከፈረመች ሁሉም ፈርሟል፣ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ አለ። በማግስቱ ፈረመ። ስሙ በሰሌዳው ላይ ብቻውን ሲወጣ ነው ነገሩ የገባው።

ሄመን ወንበሯን ይዛ ተነሣች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ያ ሳምንት ለማንም ሳትናገር ዓይኗን ቀዶ ጥገና ያደረገችበት ሳምንት ነበር። ሐኪሙ ሰባት ቀን እንድታርፍ ስላዘዛት፣ እስክድን አትደውሉልኝ ብላ ለድምፁ የነገረችው ራሷ ናት። ድምፁ አልዋሸም። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች።

«አፈረ» አለች ሲምቦ። «ስብሰባ ቀን ሲደርስ ልብሱን ይለብሳል፤ በር ድረስ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ምን ብዬ ዓይናቸውን አያለሁ ይላል። እናንተ ኮርቷል ብላችኋል አሉ። ናሆም መኩራት የት ያውቃል።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ በየተራ ወጣ። ኢምራን ድምፁ እሱን የሚያናግረው በወንድ ድምፅ እንደሆነና ሷሊህ እንደሚባል ተናገረ። ፈይሳን የሚያናግረው ቶላ ነው፤ በኦሮምኛ ይቀልድለታል። አንዱን ባለቡድን ስለ ልጁ ትምህርት፣ ሌላውን ስለ ጋራዡ የኪራይ ዘመን ያወራዋል። ሁሉም የየራሱ ወዳጅ ያለው መስሎት ነበር። ፈይሳ መሬት መሬቱን እያየ ትናንት ስለ ናሆም የተናገርኩትን ተዉልኝ አለ። ስለ ውሉ በዚያ ቀን ምንም አልተወሰነም። ማንም የመወሰን ልብ አልነበረውም።

ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በቆርቆሮው ሣጥን ውስጥ አሥራ አንድ ስልክ በአንድ ጊዜ ጠራ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ደነገጠ። አንድ በአንድ እየወጡ ስልካቸውን አነሡ። በድንኳኑ ዙሪያ በፀሐዩ ላይ፣ አንዱ በዛፉ ሥር፣ አንዱ በአጥሩ ጥግ፣ ጀርባቸውን ሰጥተው ተበታትነው ቆሙ። የሚያናግራቸው ግን አንድ ነው።

ድምፁ ለሄመን በሐዘኗ ማዘኑን ነገራት። ከዚያ ነገ እሑድ መኪናዋ ለውድድሩ እንደምትቀርብ ልመዝግብ ወይ ብሎ ጠየቃት። ሄመን አልቀርብም፣ ሐዘን ላይ ነኝ አለች። ድምፁ ያለ ምክንያት የቀረ ባለቡድን ፈቃዱን እንደሚያጣ አስታወሳት። ውሉ የሚፈቅደው ለወላጅ፣ ለልጅ፣ ለትዳር ጓደኛ፣ ለወንድምና ለእህት ሐዘን ብቻ ነው።

«ጋሽ ናሆም ምንዎ ነበሩ?» አላት።

ሄመን በኋላ ስትናገር በዚያች ሰዓት ውሉን አላሰብኩትም ትላለች። ጎረቤቴ ልትል አሰበች፤ አነሰባት። የሥራ ባልደረባዬ ልትል አሰበች፤ ያም አነሰባት። ከሁሉ ይልቅ ያመማት «ነበሩ» የሚለው ነው።

«ወንድሜ ነው» አለች።

«መዝገቡ ላይ እርስዎ የአቶ አስራት ልጅ ነዎት፤ እሳቸው የአቶ ተካልኝ። በእናትም አትገናኙም።»

«ወንድሜ ነው አልኩሽ። ጻፊው።»

ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነበር። ሦስት እርምጃ ርቆ የቆመው ኢምራን ሰማት። እሱም ስልኩን ከጆሮው ሳያርቅ፣ ናሆም ወንድሜ ነው እንጂ ምን ይሆናል አለ። ኢምራን ሱልጣን የናሆም ተካልኝ ወንድም። ከእሱ ቀጥሎ የነበረው እንዲሁ አለ፤ ከዚያም የሚቀጥለው። ቃሉ በድንኳኑ ዙሪያ እየዞረ ሄደ። ከሁሉ የዘገየው ፈይሳ ነበር። ሌሎቹ ጨርሰው ሲመለከቱት ታላቅ ወንድሜ ነው ሲል ተሰማ።

ድምፁ የሁሉንም ቃል መዝግቦ ማጣራት እንደሚያስፈልግ አስታወቀ። ማጣራቱ ግን በድንኳኑ ውስጥ፣ በሟች ሚስት ፊት ነው የሚሆነው፤ ድምፁ ደግሞ እዚያ መግባት አይችልም። ስለዚህ ሊጉ ሰው ላከ።

የመጣችው ራኬብ የምትባል የሠላሳ ዓመት ገደማ ሴት ናት፤ በሊጉ የሕግ ክፍል የምትሠራ። ከሰዓት በኋላ ደረሰች። ስልኳን፣ የጆሮዋን መስሚያ፣ የእጅ ሰዓቷን ሣጥኑ ውስጥ አስቀምጣ ስትገባ ባዶ እጇን የት እንደምታደርገው የጠፋት ትመስል ነበር። እግዜር ያጥናችሁ ብላ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። አንዱ ተነሥቶ ንፍሮ አቀረበላት። መጻፊያ ስላልነበራት ሄመን ከዕድሩ መዝገብ አንድ ቅጠል ቀድዳ ከእርሳሷ ጋር ሰጠቻት። ራኬብ እርሳሱን እንደ ልጅ ጨብጣ ያዘችው።

ይቅርታ ጠይቃ ሲምቦን አነጋገረቻት። እነዚህ አሥራ አንድ ሰዎች የባለቤትዎ ወንድሞችና እህቶች ነን ብለዋል፣ መዝገቡ ግን እንዲህ አይልም፤ እውነት ነው ወይ አለቻት።

ሲምቦ በድንኳኑ ውስጥ የተቀመጡትን አንድ በአንድ አየቻቸው። ማንም አላስጠናትም፤ ማንም ምልክት አላሳያትም። ፈይሳ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ነበር።

«ያቺን ሴት ታያታለሽ?» አለች በመጨረሻ፣ ሄመንን በእጇ እያሳየች። «ሁለት ወር ሙሉ ባሌን ሰላም አላለችውም። አጥር ለአጥር ሆነው፣ ድምፁን እየሰማች፣ ሁለት ወር። ባዳ ብትሆን ኖሮ ይህን ያህል ታኮርፈዋለች? ባዳ በሁለት ቀን ይረሳል። እሱም እንደዚህ የተቃጠለው እህቱ ስለሆነች ነው። ሐሙስ ዕለት ደግሞ ስደርስ እጁን እያጠበችው ነበር። የእናት ስም አልጠይቃትም እኔ። ያም ወንድሙ ነው፤ ያም ወንድሙ ነው፤ ይሄ የተሸፋፈነውም ወንድሙ ነው። ጻፊ።»

ሄመን ያን ጊዜ አለቀሰች። ከሐሙስ ጀምሮ አላለቀሰችም ነበር።

ራኬብ አጎንብሳ ቀስ ብላ ጻፈች። ሟች ናሆም ተካልኝ፤ ወንድሞችና እህቶች አሥራ አንድ፤ የሟች ሚስት አረጋግጠዋል። ጽፋ ስትጨርስ ግን አልተነሣችም። ዙሪያዋን አየች፤ ባዶ ጆሮዋን ነካ አደረገች። ከዚያም ስለ ውሉ አንቀጽ ሃያ ሁለት የሚያውቅ ሰው አለ ወይ ብላ ጠየቀች። ማንም አያውቅም። አንቀጹ በወንድማማቾችና በእህትማማቾች የተያዙ ቡድኖች በአንድ ተወካይ ይደራደራሉ፣ በአንድ ፊርማም ይፈርማሉ ይላል አለቻቸው። ድሮ ሁለት ወንድማማቾች ሁለት ቡድን ስለነበራቸው የገባ ነው፤ ማንም አላወጣውም። ሊጉ ይህን ወረቀት ከተቀበለ ያንንም መቀበሉ ነው። ካልተቀበለ ደግሞ ነገ አሥራ አንድ ፈቃድ በአንድ ቀን ይሰርዛል፤ ከስምንት መኪና ባነሰ ውድድር አይደረግም፤ የዘንድሮ ውድድሮች ደግሞ ገና አላለቁም።

ኢምራን ለምን ትነግሪናለሽ ልጄ አላት።

ራኬብ፣ ሥራ ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፣ ሊጉ ሳይሰማኝ ስናገር ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው አለች። ይህን ብላ ንፍሮዋን ጨርሳ ወረቀቱን ይዛ ሄደች።

እሑድ በሞጆ ቀለበት ውድድር አልነበረም። ሕዝቡ መጥቶ በር ላይ የሐዘን ማስታወቂያ አንብቦ ተመለሰ። ብዙዎቹ ግን በዚያው ወደ ድንኳኑ መጡ። ናሆም መሪ ሲያዞር በልጅነታቸው ያዩት አሁን የራሳቸውን ልጆች ይዘው፣ ወንበር ጠፍቶ ቆመው ዋሉ። ማታ ድምፁ ለእያንዳንዱ አጭር መልእክት ላከ። ዝምድናው ተመዝግቧል ይላል።

በሁለተኛው ሳምንት ማክሰኞ ሄመን የቤተሰቡ ተወካይ ሆና በሊጉ ቢሮ ተገኘች። በክፍሉ ውስጥ ጠረጴዛና አንድ ወንበር ብቻ ነበር። ድምፁ ሰላምታ ከሰጣት በኋላ፣ አሥራ አንድ ሰው ወክለው ስለመጡ በየትኛው ስም ልጠራ ብሎ ጠየቃት። ሄመን የፈለግከውን ሁን፣ ዛሬ ግን አንድ ሁን አለችው። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ቆዩ። ጉልበትዎን አሞዎት እንደሆነ እንረፍ ሲላት ስለ ጉልበቴ አልመጣሁም አለች። መጀመሪያ ያነሳችው የናሆምን ፈቃድ ነው፤ በእሱ ስም ስለነበር ዓመቱ ሲያልቅ ከእሱ ጋር ይቀር ነበር። ለሲምቦ እንዲተላለፍ፣ ከአሁን በኋላም የሞተ ባለቡድን ፈቃድ በቤተሰብ እጅ እንዲቆይ ተስማሙ። የፈቃዱን ዘመን ሊጉ እስከመቼውም አላለም፤ አሥር ዓመት አለ። አንቀጽ አሥራ አራት እንዳለ ቀረ። ፈይሳ አሥር ዓመት ምን አላት ብሎ ሲያጉረመርም ሰነበተ፤ ግን በማግስቱ ለጋራዡ አዲስ ጣሪያ መምታት ጀመረ። ከዚያ በፊት በአንድ ዓመት ፈቃድ ጣሪያ የመታ ሰው አልነበረም።

የናሆም አርባ ካለፈ በኋላ በነበረው ሰኞ ሲምቦ በአጥሩ ላይ ሳይሆን በበሩ ዞራ ወደ ሄመን ጋራዥ መጣች። ቡድኑን ልትሸጠው እንደማትፈልግ፣ ግን አሥራ ስምንት ዓመት መኪና ስታይ ኖራ አንድም ቀን ነድታ እንደማታውቅ ነገረቻት። የምመራውን ነገር ማወቅ አለብኝ አለች። ቀለበቱ ሰኞ ባዶ ነው። ሄመን የናሆምን መኪና አውጥታ ሲምቦን መሪው ጋ አስቀመጠቻት፤ እሷ ከጎኗ ተቀመጠች።

ፍሪሲዮኑን አስረገጠቻት፤ አንደኛ ማርሽ አስገባቻት። መኪናዋ ዘለለችና ጠፋች። እንደገና አስነሡ፤ ጠፋች። በሦስተኛው ቀስ ብላ መንቀሳቀስ ጀመረች። ሲምቦ መሪውን በሁለት እጇ አንቃ፣ ፊት ለፊት ብቻ እያየች ትነዳለች። የምትሄደው በእግር ከሚሄድ ሰው እምብዛም አይፈጥንም። የመጀመሪያውን ጥምዝ አለፉ።

ያን ጊዜ ሄመን እስከዚያ ቀን ለማንም ያልነገረችውን ነገር ነገረቻት። ናሆም ከመሞቱ በፊት ሁለት ጊዜ ደውሎላት ነበር። ስሙን እያየች፣ ሲጠራ እየሰማች፣ ስልኩን አላነሳችም።

ሲምቦ ዓይኗን ከመንገዱ አላነሳችም።

«አውቃለሁ» አለች። «ሁለቱንም ጊዜ አጠገቡ ነበርኩ። በሁለተኛው አልከፋውም፤ ሳቀ። ስትቆጣ እንዲህ ናት፣ ለፋሲካ ታነሳዋለች አለ።»

ፋሲካ ካለፈ ሁለት ሳምንት ሆኖት ነበር። ሄመን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ባዶውን የተመልካች መቀመጫ አየች። መኪናዋ ሁለተኛውን ጥምዝ አለፈች፤ ሦስተኛውን አለፈች። መነሻው መስመር ላይ ሲደርሱ ሄመን ፊቷን ጠርጋ፣ አሁን እግርሽን ከነዳጁ አንሺ፣ ፍሬኑን ቀስ ብለሽ ያዢ አለቻት።

ሲምቦ አልያዘችም።

«አንድ ዙር ልጨምር» አለች።

«ጨምሪ» አለቻት ሄመን። «ሩቅ ሩቁን እዪ።»